የጨረቃን ስንጥቅ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ካርታ

ጨረቃን የሚዞረው የናሳ መንኮራኩር ሉናር ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር ካነሳቸው ፎቶዎች የተሠራ አንድ ነፃ የጨረቃ ካርታ ሰሞኑን እየጎረጎርኩ ነው። አሪፍ ነው። መጀመሪያ የገባሁት ታውረስ-ሊትሮው ሸለቆ ነው፣ ሰዎችን የያዘው አፖሎ 17 እ.ኤ.አ. በ1972 ያረፈበት። ጠጋ ሲሉ ሊ-ሊንከን የሚባለው ስንጥቅ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ተራራው ሲወጣ ይታያል፤ ጨረቃ ውስጧ እየቀዘቀዘ ስትኮማተር ቅርፊቷ ተሰብሮ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ወጥቶ የሠራው እርከን ነው። ከዳገቱ የተንከባለሉ ቋጥኞች የተዉት ዱካ ሳይቀር ይለያል!

ቅር ያለኝ፣ ካርታው የስንጥቁን መልክ እንጂ የመንቀጥቀጥ አደጋውን አይነግርም። የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የተከሏቸው የመንቀጥቀጥ መለኪያዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1977 ድረስ 28 ጥልቀት የሌላቸው መንቀጥቀጦች መዝግበዋል፤ አንዳንዶቹ ከ10 ደቂቃ በላይ ቆይተዋል። ለጥቂት ቀን ደርሶ ለሚመለስ ሰው ብዙም አያሰጋም፣ ዓመታት ለሚቆይ ጣቢያና ቀጥ ብሎ ለሚቆም ረጅም መንኮራኩር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ታዲያ ይህን መረጃ እዚያው ቢደርቡበት ምን ነበረበት?

ካርታው ላይ የጨረቃ ደቡብ ዋልታ ጥላ ዓይን ያደክማል። ስልክ ላይም ይንቀረፈፋል፣ በኮምፒውተር ክፈቱት።