ቴሌግራም ወይስ ጉግል ክላስሩም?
በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የሚያስተምር መምህር የክፍል ሥራውን በኢንተርኔት ለማገዝ ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ቴሌግራምን ነው። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በተዘጉበት ወቅት ማስታወሻና መልመጃ በዚሁ መንገድ መላኩ የተለመደው፣ መተግበሪያው በብዙ ወላጆች ስልክ ላይ አስቀድሞ ስለነበረ ነው። ሆኖም የቤት ሥራ መልስ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሲላክ አንዱ የሠራውን ሌላው ያየዋል፤ ማን እንዳስረከበና ማን እንደቀረ መለየትም መምህሩን ያደክመዋል፤ ይህንን እኔ ቀላል ጉድለት አልለውም።

መምህር የክፍል ሥራ የሚሰጥበትና የሚቀበልበት የጉግል አገልግሎት የሆነው ጉግል ክላስሩም ግን የእያንዳንዱን ተማሪ ሥራ ለመምህሩ ለብቻው ያቀርባል፣ የማስረከቢያ ቀን ይይዛል፣ እርማትም ያስተናግዳል፤ ስለዚህ ለምዘና እርሱን እመርጣለሁ። አንድ ስልክ ለሦስት ልጆች በሚዳረስበት ቤት ግን አካውንት እየቀያየሩ መግባት ስለሚያስቸግር፣ ለእነዚህ ተማሪዎች የወረቀት መልመጃው እንዲቀር አልፈልግም።