የሰፈራችን ጌጠኛ ድንጋይ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ የተሰጠ ግምገማ

በምኖርባት የክልል ከተማ የሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጌጠኛ ድንጋይ (ኮብልስቶን) ከለበሰ ሁለት ክረምት አልፎታል። ለሥራው መዋጮ የከፈልኩ ነዋሪ በመሆኔ የተነጠፈውን ድንጋይና ድንጋዩ የተነጠፈበትን የዕቅድና የገንዘብ አሠራር ለየብቻ ልመዝናቸው ወድጃለሁ፤ ሁለቱ የሚገባቸው ውጤት ፈጽሞ አይቀራረብምና።

መንገዳችን ወደ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ቀድሞ በክረምት ቦቲ ጫማ ያላደረገ ሰው የማይሻገረው ጭቃ ነበር። ሥራውን የተረከበው የወጣቶች ማኅበር መጀመሪያ ያደረገው ጥቁሩን የመረሬ አፈር ቆርጦ ማውጣት ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ በላዩ የተነጠፈ መንገድ ሁሉ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይሰምጣል። በምትኩ ሰሌክት የሚሉት የተመረጠ አፈር በየንብርብሩ እየተሞላ በሮለር ተጠቀጠቀ፤ በላዩ የአሸዋ ትራስ ተደለደለ፤ ከዚያም በየጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው የባዛልት ድንጋይ በመዶሻ እየተመታ ተደረደረ። የመንገዱ መሐል ከዳርቻው ጥቂት ከፍ ማለቱ ዝናቡን ወዲያው ወደ ቦዩ ያወርደዋል፤ ግራና ቀኙን የያዘው ከርብ ስቶንም እስካሁን አልተነቃነቀም። ለአነጣጠፉ ከአሥር ዘጠኝ እሰጣለሁ። አንዷን ነጥብ የቀነስኩት ጥርቡ በተበላሸባቸው ቦታዎች የአረጋውያን ከዘራ በድንጋዮቹ መካከል እየገባ ስለሚያዝ ነው። (በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ወጣቶች ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበሩ፤ «ተምሮ ኮብልስቶን» የሚለውን ሹፈት ሲያወርድ የኖረው ሰፈራችን ዛሬ በደረቅ እግሩ የሚሄደው በእነሱ ሥራ ላይ ነው።)

የጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ሲጀመር የተመረጠበት ምክንያት አሁንም ይሠራል። ድንጋዩ ከቅርብ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ይወጣል፤ እንደ አስፋልት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሬንጅ አይጠይቅም፤ ከወጪው ብዙው በዚያው ከተማ የሚቀር የጉልበት ዋጋ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለቧንቧ ሲባል የተቆፈረ አስፋልት ጠባሳው ዕድሜ ልኩን ሲታይ፣ ጌጠኛ ድንጋይ ተነቅሎ ያው ድንጋይ ተመልሶ ሊነጠፍ ይችላል። ቅሬታዬም የሚነሣው ከዚህ ጥቅሙ ላይ ነው።

መንገዱ በተመረቀ በሰባተኛው ወር አዲስ የውሃ መስመር ሊዘረጋ ቆፋሪዎች መጡ። መስመሩ እንደሚዘረጋ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሥራ ሳይጀመር፣ ጨረታው እስከ ጥር ተጓትቶ፣ ገንዘቡ ሰኔ 30 ተመላሽ ከመሆኑ በፊት ማለቅ ስላለበት፣ ቧንቧውን ጠብቆ ድንጋዩን ማንጠፍ የሚችል ጊዜ አልተገኘም። በዓለም ባንክ ሲደገፍ የነበረውና በ2010 ዓ.ም. በተጀመረው ምዕራፉ 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ከተማ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድና የንብረት አስተዳደር ዕቅድ እንዲኖረው የሚጠይቀው እንዲህ ዓይነቱን ግጭት ለማስቀረት ነበር። በእኛ ሰፈር የመንገዱና የውሃው ዕቅድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

የመዋጮው አከፋፈልም ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም። ከወጪው ከፊሉን ነዋሪው፣ ቀሪውን ከተማው እንዲሸፍን መደረጉን አልቃወምም፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው መንገዱን እንደ ንብረቱ ያየዋል፣ ቆሻሻ ውሃ ሲደፋበትም ዝም አይልም። ነገር ግን በአንድ ክፍል ቤት የሚኖሩ አሮጊትና ሦስት ፎቅ ያከራየ ባለ ሀብት እኩል እንዲከፍሉ ተደርጓል። በይዞታ ስፋት ወይም ቤቱ ወደ መንገዱ በሚይዘው ፊት ልክ ቢደለደል ኖሮ ዕድሩ የሦስት ቤተሰቦችን ድርሻ በብድር ለመሸፈን ባልተገደደ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ለጥገና የተያዘ ሳንቲም አለመኖሩ ነው። ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደረው የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው ጥገና ከአዲስ ግንባታ ጋር በጀት እየተሻማ እንዳይቀር ታስቦ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው ቀመርም 70 በመቶው ለፌዴራል፣ 20 በመቶው ለክልል፣ 10 በመቶው ለከተማ መንገዶች ይከፋፈል ነበር። ከዚያች ከአሥር አንድ እጅ የከተሞች ድርሻ ወደ ሰፈራችን የወረደ ነገር አላየንም። መንገዱ ሲሠራ በጀት ነበረው፣ ሪባን ነበረው፣ ፎቶ ነበረው፤ ሲፈርስ ግን ባለቤት አልተገኘለትም። ለዕቅዱና ለገንዘቡ አሠራር ከአሥር ሦስት በቂው ነው፤ እሱንም የምሰጠው የመዋጮው ሒሳብ በዕድሩ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፍ ስለነበር ነው።

ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ የተቆፈረው ጉድጓድ በአፈር ተመልሶ፣ የተነቀለው ድንጋይ በመብራት ምሰሶው ሥር ተቆለለ። በቀጣዩ ክረምት አፈሩ ሰምጦ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያም ግራና ቀኝ ያሉት ድንጋዮች ወደ ጉድጓዱ መንሸራተት ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት ከማኅበሩ ፎርማን ጋር በዚያ ስናልፍ ስለ ክምሩ ጠየቅሁት። በዓይኑ ለካውና «ጋሼ፣ ድንጋዩ እንዳለ አለ፤ አንድ ቢያጆ (አንድ የመኪና ጭነት) አሸዋ የሚፈርምልን ሰው ካለ በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን» አለኝ። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል ካስገባን አራተኛ ወራችን ነው።