ሾትከት በ4 ጊጋ ራም ላይ፦ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ላፕቶፕ የትኛው ነፃ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ይሻላል?

«ነፃ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ጠቁሙኝ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። እውነት ነው፤ በቀለም ማስተካከል የሚደርስበት ነፃ ሶፍትዌር የለም፣ ዋተርማርክ (የራሱን አርማ በቪዲዮው ላይ) አያትምም፣ እስከ 4ኬ ያወጣል። ነገር ግን ሪዞልቭ ተደላድሎ እንዲሠራ 16 ጊጋ ራምና የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ለማውረድ ብቻ ጊጋባይቶች ይበላል። እዚህ የምናወራው ደግሞ 4 ወይም 8 ጊጋ ራም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣ የኢንቴል ግራፊክስ፣ ሴሌሮን ወይም ዕድሜው የገፋ ኮር አይ3 ስላለው ላፕቶፕ ነው። ዊንዶውስ 10 ገና ሲከፈት ከ4ቱ ጊጋ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በቀረው ሪዞልቭን ለማስነሳት መሞከር ዳታ ማባከን ነው። ክራክ የተደረገ ፕሪሚየርም (የሚከፈልበት የአዶቤ ኤዲተር) አያዋጣም፤ ዝቅተኛ መስፈርቱ 8 ጊጋ ራም መሆኑ ሳያንስ፣ ክራኩ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ያለችውንም አቅም ይቀማል።

ማሽኑን የሚያስጨንቀው ቪዲዮው የታመቀበት መንገድ ነው። ስልክ የሚቀርጸው ኤች.264 ወይም ኤች.265 (ሁለቱም የማመቂያ ዘዴዎች ናቸው) ፋይል እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ምስል፣ ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም፤ በየመሐሉ አንድ ሙሉ ፍሬም ያኖርና የቀሩትን ከአጠገባቸው ካሉት በሚለዩበት ነገር ብቻ ይመዘግባል። ታይምላይን (ክሊፖቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አንድ ቦታ ጠቅ ሲደረግ ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ፍሬም ይፈልግና እስከተጠቆመው ድረስ ያለውን ሁሉ ያሰላል። መንቀራፈፉ ከዚህ ይመጣል። ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሳል፣ ስሌቱን ግን ያበዛል፤ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ በቺፑ ውስጥ መሥራት የጀመሩት በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው 6ኛው ትውልድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ስልኩ ነው፤ በኤች.265 ሳይሆን በኤች.264 እንዲቀርጽ። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን መምረጥ፤ ሳምሰንግ ላይ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ሃይ ኤፊሸንሲ» የሚለውን የቪዲዮ ምርጫ ማጥፋት። 1080ፒ በ30 ፍሬም ለዩቲዩብም ለቲክቶክም ይበቃል። ቪዲዮው ከሌላ ሰው በቴሌግራም የሚመጣ ከሆነ «እንደ ፋይል ላክልኝ» ማለት ያስፈልጋል፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ቴሌግራም ጨምቆ ነው የሚያደርሰው።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ከነፃዎቹ ሁሉ የምናስቀድመው ሾትከትን ነው። ዋተርማርክ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ገንቢዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡት መስፈርት ለተራ ጥራት 4 ጊጋ፣ ለኤችዲ 8 ጊጋ፣ ለ4ኬ 16 ጊጋ ራም ነው። በ4 ጊጋ ኤችዲ መሥራት የሚቻለው ሁለት ነገሮችን ካበሩ በኋላ ብቻ ነው፤ ሾትከትን «አይሠራም» ብለው የሚያጠፉት ሰዎች አብዛኞቹ እነዚህን ያላበሩ ናቸው።

አንደኛው «ሴቲንግስ» ውስጥ ያለው «ፕሪቪው ስኬሊንግ» ነው፤ 360ፒ ላይ ማድረግ። እያዩ የሚሠሩበት መስኮት ብቻ ይደበዝዛል፣ የሚወጣው ቪዲዮ አይነካም። ሁለተኛው እዚያው «ፕሮክሲ» ሥር «ዩዝ ፕሮክሲ» የሚለው ነው። ይህ ከበራ በኋላ የሚገባ ክሊፕ ሁሉ አነስ ያለ ቅጂ ይሠራለታል፤ ሂደቱ «ጆብስ» በሚለው ፓነል ላይ በፐርሰንት ይታያል። ኤዲቱ በቅጂው ይከናወናል፣ ያለቀው ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ (ሲወጣ) ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ቅጂዎቹ እስኪያልቁ ድረስ ታይምላይኑን አለመነካካት ጥሩ ነው፤ ያኔ ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ተይዟል። ደግሞ ቅጂዎቹ ሳይነገራቸው ድራይቭ ሲ ላይ ስለሚከማቹ፣ ጠባብ ዲስክ ያለው ሰው በ«ስቶሬጅ» በኩል ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛውራቸው። ክሮምን መዝጋትም አይረሳ።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት «ቪዲዮ ሞድ» ነው። ሳይነካ ከተተወ «አውቶማቲክ» ስለሆነ መጀመሪያ የገባው ክሊፕ የፕሮጀክቱን መጠን ይወስናል። መጀመሪያ የገባው በዋትስአፕ የመጣ ትንሽ ቪዲዮ ከሆነ ከኋላው የሚመጣው ጥሩ ምስል ሁሉ በእሱ ልክ ያንሳል። ምንም ከማስገባት በፊት ኤችዲ 1080ፒ 30 ላይ ማሰር፤ ለቲክቶክ ደግሞ «ነን ብሮድካስት» ሥር ቁመታም የሆነው «ቨርቲካል ኤችዲ» አለ።

ድምፅና ከንፈር አልገጥም ማለቱም የተለመደ ነው። ስልክ ብርሃን ሲያንስ ወይም ሲሞቅ የፍሬሙን ፍጥነት ይቀያይራል፤ ኤዲተር ግን ቋሚ ፍጥነት ይጠብቃል። መጀመሪያው ላይ ልክ የነበረው ንግግር ወደ መጨረሻው እየዘገየ ይሄዳል። ሾትከት እንዲህ ዓይነቱን ፋይል ሲያገኝ ለኤዲት ወደሚመች ፋይል ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ነው። ከሦስቱ አማራጮች «ጉድ» የሚለው ለእኛ ይበቃል። «ቤስት» ጥራት አይቀንስም፣ ዲስክ ግን ይሞላል።

መቁረጡ ቀላል ነው፦ «ኤስ» ይከፍላል፣ «ኤክስ» አጥፍቶ ክፍተቱን ይዘጋል፣ «ዜድ» አጥፍቶ ክፍተቱን ይተዋል። አንዱን ክሊፕ ወደ ሌላው ጫፍ ሲጎትቱት በተደራረቡበት ቦታ ሽግግሩ በራሱ ይፈጠራል።

የአማርኛ ጽሑፍ በ«ፊልተርስ» ውስጥ በ«ቴክስት ሲምፕል» ይገባል። በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈን ከዎርድ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ያመጣል፤ እነዚያ ፎንቶች በዩኒኮድ አልተሠሩም። በዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ መጻፍና ፎንቱን ኢብሪማ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ማድረግ ነው። ኒያላ ያምራል፤ ግን ቀጭን ስለሆነ ለስልክ ስክሪን አይመከርም። ፊደሉን ማደለብና ጥቁር ጠርዝ መስጠት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ «ቸ» ላይዋ ያለው ሰረዝ ጠፍቶ «ተ» ትሆናለች፣ «ሸ»ም «ሰ»። በ360ፒ ፕሪቪው ላይ እያዩ ይህን መፍረድ ስለማይቻል፣ ጽሑፉ ሲፈተሽ ለአፍታ ስኬሊንጉን ማጥፋት ነው።

ኤክስፖርት ላይ የዩቲዩብ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምርጫ) በቂ ነው፤ ጥራቱን እንዳለ መተው። «ሃርድዌር ኤንኮደር» (ሥራውን ለግራፊክሱ ቺፕ የሚሰጠው) ቢበራ በኢንቴል ላይ ፍጥነቱ በጣም ይጨምራል፤ በአንፃሩ ለተመሳሳይ ጥራት ፋይሉ ከፍ ይላል። በቴሌግራም የሚልክ ሰው ለአንድ ፋይል የተፈቀደው 2 ጊጋ መሆኑን ያስብ፦ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የወጣ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ 95 ፐርሰንት ላይ መብራት ቢጠፋ የቀረው ፋይል አይከፈትም። ፕሮጀክቱ አይጠፋም፤ ሾትከት በየጊዜው ለብቻው ስለሚያስቀምጥ ሲከፈት «ላምጣልህ ወይ» ይላል። ኤክስፖርቱ ግን ከዜሮ ነው። መላው በ«አድቫንስድ» ውስጥ ፎርማቱን «ማትሮስካ» ማድረግ ነው፤ ያ ፋይል ቢቋረጥም እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል። ለረጅም ሥራ፣ ለምሳሌ ለሰርግ፣ ታይምላይኑን በማርከር በ10 በ10 ደቂቃ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ለየብቻ ማውጣት የበለጠ ያዋጣል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ኬደንላይቭም ፕሮክሲ አለው፤ ክሊፖችን በፎልደር በማደራጀት ከሾትከት ይበልጣል፤ ሊኑክስ የጫነ ሰው እሱን ቢያስቀድም አይቆጭም። ኦፕንሾት ለመልመድ ከሁሉም ይቀላል፣ ታይምላይኑ ሲረዝም ግን ደካማ ማሽን ላይ ይንገታገታል። ክሊፕቻምፕ ከዊንዶውስ 11 ጋር ይመጣል፣ በነፃ እስከ 1080ፒ ያለ ዋተርማርክ ያወጣል፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ 4 ጊጋም አይበቃውም። ካፕከት የተዘጋጁ ኢፌክቶችና የሚንቀሳቀሱ ጽሑፎች ስላሉት ለአጭር ቪዲዮ ይፈጥናል፤ «ፕሮ» የሚል ምልክት ያለበትን አንድ ነገር ከተጠቀሙ ግን ሥራው አልቆ ኤክስፖርት ሲሉ ክፍያ ይጠይቃል፣ ክፍያውም በዶላር ካርድ ነው። ከመጀመሪያው ምልክቱን እያዩ መምረጥ ነው።

ከሾትከት ጎን መጫን ያለበት አቪዴማክስ ነው። ኤዲተር ከሚባል መቀስ ቢባል ይቀላል። የቪዲዮውንም የድምፁንም አውትፑት «ኮፒ» ላይ ካደረጉ እንደገና አያሰላም፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ፋይል ኮፒ በሚያደርጉበት ፍጥነት ይቆረጣል። ቁራጩ መጀመር ያለበት ሙሉ ፍሬም ላይ ነው፤ ወደ እነሱ የሚያዘልለው የላይና የታች ቀስት ቁልፍ ነው። በሌላ ቦታ ከተቆረጠ መጀመሪያው ላይ ምስሉ ይበላሻል። ሾትከት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የማያስፈልገውን በዚህ ቆርጦ መጣል የፕሮክሲውን ጊዜ ያሳጥራል። በ10 ደቂቃ የተከፋፈሉትንም ክፍሎች «አፔንድ» ብሎ ይቀጥላቸዋል፣ ማትሮስካውንም ወደ ኤምፒ4 ይመልሰዋል፤ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት የኤክስፖርት ሴቲንግ ካልወጡ ግን አይቀጠሉም።