ኮምፒውተሩ በራሱ መግባት እምቢ ሲል፦ አውቶሎጎን ሲገመገም

ጎንደር ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ ይገባ የነበረው የቤት ዴስክቶፕ ፓስወርድ መጠየቂያው ገጽ ላይ ተገትሮ ቢገኝ፣ መብራቱን መርገም አያስፈልግም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ የገባ ነው፤ የታየው ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው። ለዚህ ሲባል ሲፒዩውን ተሸክሞ ፒያሳ መውረድና ዊንዶውስን ፎርማት ማስደረግ የገንዘብም የፋይልም ኪሳራ ነው።

አውቶሎጎን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፓስወርድ ሳይጠይቅ በራሱ እንዲገባ የሚያደርግ የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ነው። የሚገኘው ሲስኢንተርናልስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ስብስብ ውስጥ ነው። ስብስቡን የጀመሩት እነ ማርክ ሩሲኖቪች የተባሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ጠቅልሎ ወስዶታል። ፋይሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ በስልክ ዳታ ቢወርድም አይጎዳም። ኢንስቶል አይደረግም፤ ከዚፑ አውጥቶ በአድሚን ፈቃድ መክፈት ይበቃል። ሦስት ሳጥን አለው፦ ዩዘርኔም፣ ዶሜይንና ፓስወርድ። ሞልቶ ኢኔብል የሚለውን መጫን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ዊንዶውስ ራሱ ይህንኑ የሚሠራ መስኮት አለው። የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጭኖ «ኤን-ኢ-ቲ-ፒ-ኤል-ደብሊው-አይ-ዜድ» የሚሉትን ፊደላት አገጣጥሞ በመጻፍ ይከፈታል። ችግሩ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ዊንዶውሶች ላይ «ተጠቃሚዎች ፓስወርድ ማስገባት አለባቸው» የምትለው ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ብዙ ጊዜ የለችም። የምትመለሰው ሴቲንግ፣ አካውንት፣ ከዚያ ሳይን-ኢን ኦፕሽን ገብቶ በዊንዶውስ ሄሎ (በፒን፣ በጣት አሻራ ወይም በፊት) ብቻ መግባትን የሚያስገድደውን ማብሪያ በማጥፋት ነው። አውቶሎጎን ይህን ዙሪያ ጥምጥም አይፈልግም። ሦስተኛው መንገድ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ ውስጥ ዊንሎጎን የሚለውን ክፍል ከፍቶ ፓስወርድን በእጅ መጻፍ ነው። ይህ ባይሞከር ይሻላል፤ ፓስወርዱ ማንም እንዲያነበው ተገልጦ ይቀመጣልና። አውቶሎጎን ግን መስጥሮ ነው የሚያስቀምጠው።

ትልቁ ድክመቱ የተሰጠውን ፓስወርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን አለማረጋገጡ ነው። የተሳሳተ ቢጻፍም «ተሳክቷል» ብሎ ይሸኛል፤ ጉዱ የሚወጣው ሪስታርት ሲደረግ ነው። ስለዚህ ሞልቶ እንደጨረሱ ወዲያው ሪስታርት አድርጎ ማየት ግድ ነው። ሳይን አውት አድርጎ መፈተን አያስተማምንም፤ በራሱ መግባቱ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል ከተባለ፣ አንደኛ ከፒን ነው። ሰው በየቀኑ የሚጽፈው አራት አኃዝ ፒን ስለሆነ ፓስወርድ መስሎት እሱኑ ይሞላል። ፒን ፓስወርድ አይደለም፣ እዚህ አይሠራም። ሁለተኛው ዩዘርኔም ነው፤ መግቢያው ገጽ ላይ የሚታየው ስምና እውነተኛው የአካውንት ስም ይለያያሉ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «ደብሊው-ኤች-ኦ-ኤ-ኤም-አይ» ብሎ ሲጻፍ ከስላሹ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ስም፣ ከኋላው ያለው ዩዘርኔሙ ነው። ለሎካል አካውንት (ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ላልተያያዘው) ዶሜይን የሚለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው ያ የኮምፒውተር ስም ነው። በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉም ፓስወርዱን ከመሙላታቸው በፊት ወደ እንግሊዝኛ መመለሳቸውን ይዩ፤ ሳጥኑ ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ስህተቱ አይታይም።

ለወራት ሠርቶ በድንገት ያቆመ እንደሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። የማይክሮሶፍት አካውንት ፓስወርድ በስልክ ከተቀየረ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው አሮጌው ነው፤ አውቶሎጎንን ከፍቶ አዲሱን መስጠት ነው። የኮምፒውተሩ ስም ከተቀየረም እንዲሁ። ከባዱ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ዊንዶውስ ላይ ሲጨመር የሚመጣው ነው። ከኢሜይሉ ጋር የፓስወርድ ፖሊሲ (ተቋሙ ፓስወርድ ላይ የሚጥለው ደንብ) ከገባ በራሱ መግባት ሆን ተብሎ ይዘጋል፤ አውቶሎጎን አሥር ጊዜ ኢኔብል ቢደረግ ለውጥ የለም። ያንን አካውንት ከዊንዶውስ አውጥቶ ኢሜይሉን በብራውዘር መክፈት ነው የሚያዋጣው።

ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ (ስሊፕ) ሲነቃ ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ ጥፋቱ የአውቶሎጎን አይደለም። እሱ የሚስተካከለው እዚያው ሳይን-ኢን ኦፕሽን ውስጥ፣ «ከቆይታ በኋላ እንደገና ይጠይቅ» በሚለው ላይ «በፍጹም» የሚለውን በመምረጥ ነው።

መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚፈልግ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ኃይል ሲመለስ የሚሆነውን ወደ «ፓወር ኦን» ይቀይር። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌለ ግን አይመከርም፤ መብራት ተመልሶ እንደገና ብልጭ ድርግም ሲል ሃርድ ዲስኩ አብሮ ይንገላታል። በነገራችን ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ካለቀች፣ ሶኬት በተነቀለ ቁጥር የባዮሱ ምርጫም ቀኑም ይጠፋል። ቀኑ ሲሳሳት ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል፤ ሰውም «ሎጊኑ ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል። ባትሪዋን መቀየር ብቻ ነው።

ለዴስክቶፕ ከአምስት አራት ይገባዋል። አንዱ የተቀነሰው ፓስወርዱን ስለማያረጋግጥ ነው። ለላፕቶፕ ግን ዜሮ፤ ታክሲ ውስጥ የተረሳ ላፕቶፕ ለከፈተው ሁሉ ሰተት አድርጎ ያስገባል። ምስጠራውም ቢሆን ኮምፒውተሩ ላይ አድሚን የሆነ ሰው ሊፈታው የሚችል ነው፤ የባንክ ወይም የኢሜይል ፓስወርድ እዚህ አይደገም። በራሱ የሚገባው አካውንት አድሚን ሳይሆን ተራ ተጠቃሚ ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ አድሚኑ ለመግባት ሲፈለግ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ መግቢያውን ገጽ ያመጣል። ለጥምቀት እንግዳ ቤት ከመሙላቱ በፊትም አውቶሎጎንን ከፍቶ ዲስኤብል የሚለውን መጫን ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ፓስወርዱን ሞልቶ እንደገና ኢኔብል ማድረግ።