ልጅዎ አፉን ለመፍታት ዘገየ? ካውንቲው፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ የግል ክሊኒክ?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ወላጅ ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) የሚያገኝበት በር አንድ ብቻ አይደለም። የትኛውን ቀድመው ያንኳኩ? መልሱ በልጁ ዕድሜ ይወሰናል። ከሁሉም በፊት ግን ጆሮውን ያስመርምሩ።

3 ዓመት ካልሞላው እኔ መጀመሪያ የምደውለው ብዙ ጊዜ በካውንቲው በኩል ለሚሠራው የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ»፣ ቨርጂኒያ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን»፣ ዲሲ ደግሞ «ስትሮንግ ስታርት» ይባላል። የሐኪም ወረቀት አይጠብቁ፤ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል። ምርመራው ነፃ ነው። በፌዴራል ሕግ መሠረት ጥያቄው በደረሳቸው በ45 ቀን ውስጥ መርምረው፣ ልጁ ብቁ ከሆነ ዕቅድ ለማውጣት ከእርስዎ ጋር መቀመጥ አለባቸው። ሕክምናውም ሜሪላንድ ላይ አያስከፍልም፤ ቨርጂኒያ ግን እንደ ገቢዎ የሚከፍሉት ሊኖር ይችላል። ባለሙያዋ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ ትመጣለች። «መጥታ አጫውታው ሄደች» ብለው የሚያኮርፉ ወላጆች አሉ። የመጣችው ግን እርስዎንም ልታሠለጥን ነው። ቁጭ ብለው ካላዩ ግማሹ ጥቅም ይቀራል።

3 ከሞላው በኋላ ተራው የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ገና ትምህርት ባይጀምርም ምርመራ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉት። ይህም ነፃ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የሚያየው ችግሩ ትምህርቱን ይጎዳል ወይ የሚለውን ነው። ትንሽ የሚኮላተፍ ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ቢፈቀድለትም ብዙ ጊዜ ከሌሎች ልጆች ጋር በቡድን ነው።

የግል ክሊኒክ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ለብቻው ይታያል፣ ባለሙያዋንም እርስዎ ይመርጣሉ። ወረፋው ግን አንዳንዴ ያሰለቻል፣ ክፍያውም ይከብዳል። ኢንሹራንስዎን «ትሸፍናላችሁ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «ከሕመም ወይም ከአደጋ ለመጣ ብቻ ነው ወይስ ዘግይቶ ለሚናገር ልጅም? በዓመት ስንት ቀጠሮ?» ይበሏቸው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ከ21 ዓመት በታች ላሉ በሕክምና አስፈላጊ የሆነውን መሸፈን አለበት፤ ሜዲኬይድ የማይቀበል ክሊኒክ ግን ሞልቷል። ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ጎን ለጎን ማስኬድም ይቻላል። ኪስዎ ካልቻለ የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮችን ይጠይቁ፤ ተማሪዎች ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ሆነው ያክማሉ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ክሊኒክ ከመረጡ ፈቃዱን ያጣሩ። በስቴቱ የፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስም መፈለግ ደቂቃ አይፈጅም። ከስም በኋላ የሚጻፈው «ሲሲሲ-ኤስኤልፒ» (CCC-SLP) የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር የ«አሻ» (ASHA) ምስክር ወረቀት ነው። ጥሩ ነው፣ የስቴቱን ፈቃድ ግን አይተካም። በቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ባለሙያዋ ልጁ በተቀመጠበት ስቴት የመሥራት መብት ሊኖራት ይገባል። ቨርጂኒያ ፈቃድ አላት ማለት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ልጅ ታክማለች ማለት አይደለም።

አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ማግኘት ከባድ ነው። የ«አሻ» ማውጫ በቋንቋ ስለሚፈልግ መሞከሩ አይከፋም። ካልተገኘ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ካውንቲውም ትምህርት ቤቱም ልጁን እስከተቻለ ድረስ በቋንቋው የመመርመር ግዴታ አለባቸው። ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አያድርጉ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ በእንግሊዝኛ የሉም፤ አማርኛ የማትሰማ ባለሙያ ልጁ እነዚህን ማበላሸቱን ብቻዋን አትለይም። ቃላቱም በሁለቱም ቋንቋ ተደምረው መቆጠር አለባቸው። ይህን እንዴት እንደምትሠራ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት በስልክ ይጠይቋት። «ቤት ውስጥ አማርኛውን አቁሙ» ካለችዎት እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከንግግር አያዘገይም።