ባሕር ዳር ላይ «ጌሚንግ ፒሲ» ብለው የሸጡልኝ ሳጥን፦ እናንተ እንዳትገዙት

ሰላም ወገን። ባሕር ዳር ውስጥ ኬዙ መስታወት፣ ፋኑ ባለ ቀለም መብራት፣ ማስታወቂያው ላይ «ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ራም፣ 4 ጂቢ ቪጂኤ፣ ሁሉንም ጌም ያጫውታል» የሚል ኮምፒውተር በ60 ሺህ ብር ገደማ ካያችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። የሱቁን ስም አልጽፍም። አንዱን ብጠራላችሁ ሌላው ጋ ሄዳችሁ ያንኑ ዕቃ ትገዙታላችሁ። ዕቃውን ካወቃችሁት የትም ብታገኙት ትለዩታላችሁ።

ገንዘቡ የእቁብ ነው። መሥሪያ ቤት 12 ሆነን የምንጥለው እቁብ በስምንተኛው ወር ወጣልኝና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው ጌም ቤት በሰዓት እየከፈልኩ የተጫወትኩት ይበቃል፣ አሁን በራሴ ቤት ልጫወት ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ «ፍሪጅ ይሻለናል» ብላ ነበር። አሁንም ትላለች፤ በየቀኑ።

ሱቁ የገባሁት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። መስኮቱ ላይ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ዓይኔ ያረፈበት በሐምራዊና በሰማያዊ ይበራል። ሻጩ ልጅ ሰው አክባሪ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። «ወንድሜ፣ ቪጂኤው ብራንድ ኒው ነው፣ ሌላው ዱባይ ዩዝድ ነው ግን ስላሽ ነው፣ አይዞህ» አለኝ። (ቪጂኤ የሚለው የጌሙን ሥዕል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ስላሽ ማለቱ ደግሞ ብዙም ያልተሠራበት ለማለት ነው።) ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ የግራፊክስ ካርዱን ስም አሳየኝ፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ ይላል። በገዛ ዓይኔ አነበብኩት። ከዚያ አንድ የቆየ የኳስ ጌም ከፍቶ ግማሽ ጨዋታ አጫወተኝ። እንደ ውሃ ይሄዳል። «ከበድ ያለ ጌም የለህም?» ብዬ ስጠይቀው «ኔትወርኩ ሰሞኑን አስቸግሮን አላወረድንም» አለ። እውነት መሰለኝ፤ ኔትወርክ ማንን የማያስቸግር አለ?

62 ሺህ ብር እዚያው ቆሜ በሞባይል ባንኪንግ ላክሁ። የተሰጠኝ ወረቀት ማኅተም የሌለው፣ «1 ጌሚንግ ኮምፒውተር» ብቻ የተጻፈበት ብጫቂ ነው። ከዚያ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ፣ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ወደ ሰፈሬ ወደ ሽምብጥ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሹፌሩን «ቀስ!» እያልኩ።

ማታ መስኮት ከፍቼ ተቀመጥኩ። የሚያዝያ ሙቀት የምታውቁት ነው፤ መስኮት ዘግታችሁ የምትቀመጡበት አይደለም። ለሐይቅ ቅርብ የሆነ ቤት ያለው ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፦ መብራት ያየ ትንኝ ሁሉ ይመጣል። የኬዙ መብራት ገና በመጀመሪያው ማታ ትንኙን ጠራው፤ በፋኑ ወንፊት እየገባ መስታወቱ ውስጥ ሲዞር አየሁት። (ያን ጊዜ ነበር ስለ መብራቱ ማሰብ መጀመር የነበረብኝ። መብራቱ ጌም አያፈጥንም፤ አንድም ፍሬም አይጨምርም።) ሌሊቱን ሙሉ አንድ አዲስ ጌም አወረድኩ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከፈትኩት። ሜኑው መጣ፣ ሙዚቃው መጣ፣ ጨዋታው ሊጀምር ሲል ስክሪኑ አረንጓዴ ሽንትር ሽንትር ሆነና ጠቆረ። ደገምኩት፤ ጠቆረ። ሦስተኛው ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ድርግም አለ፤ መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁ። አምፖሉ በርቷል።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የፖሊ ተማሪ አለች፤ ኮምፒውተር የምትፈታታ ልጅ ናት። ፍላሽ ይዛ መጣች። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈተችና ዝም አለች። «ምን ይላል?» ስላት ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ «ፌክ» የሚል ቃል ቁጭ ብሏል። ፕሮግራሙ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን የተቀባባ ካርድ ለይቶ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የወጡ፣ ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የሚባሉ ካርዶች አሉ። እነዚህን አሮጌ ካርዶች ያነሷቸውና ባዮሳቸውን (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበትን የውስጥ ፕሮግራም) አጥበው ሌላ ስም ይጽፉበታል። ዊንዶውስ ደግሞ ካርዱ የነገረውን ስም ነው የሚያሳየው፤ የማጣራት ሥራ የለበትም። ስለዚህ ሻጩ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ያሳየኝ ስም ካርዱ ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኩዳ ኮር (ሥዕሉን የሚያሰሉ ጥቃቅን ክፍሎች) አለው፤ የኔው ከሥሩ 550 ቲአይ ነውና 192። ስሙ ላይ 4 ጂቢ ይላል እንጂ እውነተኛው ሜሞሪ 1 ጂቢ ነው። ቀላል ጌም ከዚያች አንድ ጂቢ ስለማያልፍ ሱቅ ውስጥ እንደ ውሃ ሄደ። አዲሱ ጌም «4 አለህ አይደል?» ብሎ ሁለተኛውን ጂቢ ሲጠይቀው ባዶ ኪስ አገኘ። እምቦጭም እንዲሁ ነው፤ ከዳር ሆናችሁ ስታዩት ለምለም መስክ ይመስላል፣ እግራችሁን ስታሳርፉበት ውሃ ውስጥ ናችሁ።

ያለ ፕሮግራምም በዓይን የሚለይበት አለ። እኛ ካርዱን «ቪጂኤ» ብለን ለምደናል፤ እውነተኛው 1050 ቲአይ ግን በተለምዶ ያ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ የለውም። ከዚያ ትውልድ ጀምሮ የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ለዚያ ቀዳዳ የሚያስፈልገውን የአናሎግ ክፍል ከቺፑ ላይ አውጥቶታል። የኔ ካርድ ጀርባ ላይ ሰማያዊው ቀዳዳ እንደ ልቡ ተቀምጧል። ደግሞም እውነተኛው 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ አብዛኞቹ ሞዴሎቹ ከማዘርቦርዱ በሚያገኙት ኃይል ይሠራሉ፤ የኔው ባለ ስድስት ፒን ተጨማሪ ገመድ ተሰክቶበታል። ፋኑ መሃል ላይ «1050 ቲአይ» የሚል ስቲከር አለ። ጥጉን በጥፍሬ ገፋ ባደርገው ያለ ምንም ችግር ተነሳ። ከሥሩ የሌላ ስቲከር ሙጫ ላይ አቧራ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። «ብራንድ ኒው» ያለኝ እሱን ነው። ለነገሩ ትክክለኛው 1050 ቲአይ ቢሆን ኖሮም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ካርድ ነው፤ በዚህ ዘመን አዲስ ነው ሲባል ራሱ መጠርጠር ነበረብኝ።

ለምን ድርግም እንዳለ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ላይ አገኘነው፤ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ማለቴ ነው። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ማንም ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊያሰላው የሚችል ነገር ነው። ላዩ ላይ በትልቁ «600 ዋት» ተጽፏል። ጎኑ ላይ ግን በትንንሽ ፊደል ሰንጠረዥ አለ፤ እዚያ ውስጥ 12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉ። ፕሮሰሰሩም ቪጂኤውም የሚበሉት በዋናነት ከዚያ መስመር ነው። የኔው 18 አምፒር ይላል። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። 600 የተባለው የት ሄደ አትበሉኝ፤ እኔም አላገኘሁትም። ፕሮሰሰሩ 95 ዋት፣ ካርዱ በትክክለኛ ማንነቱ 116 ዋት፣ ድምር 211። 5 ዋት ቀርታለች፤ ያችም የፋኖቹና የሀርድ ዲስኩ ናት። ጌሙ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሲያሠራቸው አልቻለም፣ ወደቀ። ዕድለኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ሲሞት ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በእጅ ማንሳትም ይረዳል፦ ደህና ፓወር ሰፕላይ ከበድ ይላል፣ የኔው እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ እያለ በሚመጣበት ሰፈር ላላችሁ ስታቢላይዘር ጨምሩበት፤ ግን ስታቢላይዘር የውሸት 600ን 600 አያደርገውም።

«ኮር አይ ሰቨን» ወደሚለው፣ ወደ ፕሮሰሰሩ ስም ልምጣ። መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ደላላው «ቶዮታ ነው» ብሎ ዝም ቢል ትገዛላችሁ? የስንት ዓመተ ምህረት ነው ብላችሁ አትጠይቁም? የኔው አይ ሰቨን 2600 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ሁለተኛ ጄኔሬሽን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ተራው ኮር አይ ስሪ 10100 እንደሱው 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው፤ ግን ይቀድመዋል። ቁጥሩ ከ«አይ ሰቨን» ቀጥሎ ነው ያለው፣ ማስታወቂያው ላይ የሚጎድለውም እሱ ነው። ዊንዶውስ 11 ጭነው ሰጥተውኛል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው፣ በጓሮ በር ነው ያስገቡት። ወደ ዊንዶውስ 10 ልመለስ ብል ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ራሙ ዲዲአር3 የሚባለው አሮጌው ዓይነት ነው፤ ነገ ደህና ማዘርቦርድ ብገዛ ይዤው አልሻገርም። ሀርድ ዲስኩን ተዉት።

ሰኞ ይዤው ተመለስኩ። ያ አክባሪ ልጅ አልነበረም፤ የሱቁ ባለቤት ነበሩ። «ቪጂኤ ዋስትና የለውም፣ ዕቃ ከወጣ አይመለስም፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ አልዋሹም። ቀጥለው «15 ሺህ ጨምርና ሌላ ቪጂኤ ልግጠምልህ» አሉ። ያንን ሌላውን ካርድ ባየው እሱም ሰማያዊ ቀዳዳ አለው።

ሕጉ ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችላላችሁ። እኔ ግን በእጄ ያለው ያች ብጫቂ ናት። የትኛውም ቢሮ ብሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረሰኝህ የታለ?» እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ባለ ሱቁም ያውቃሉ። ሁለት ቀን ተመላልሼ፣ የሚያውቋቸው አንድ አባት ገብተውበት፣ ሳጥኑን ተቀብለው 45 ሺህ መለሱልኝ። 17 ሺህ ብሬ ቀረች። ደረሰኝ ስትቀበሉ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የቪጂኤው ሞዴል፣ የራሙ ዓይነት በስም ይጻፍበት። «ኮምፒውተር» ብቻ የሚል ደረሰኝ ቢኖረኝም ብዙ አይጠቅመኝም ነበር፤ ኮምፒውተር ነው የሰጡኝማ።

አሁን በ45 ሺዋ ምን ላድርግ ብዬ ከዚያች ልጅ ጋር ስንመካከር ያለችኝን ላካፍላችሁ። ብራችሁ የማይበቃ ከሆነ ርካሽ ቪጂኤ ከመፈለግ ጭራሽ ያለ ቪጂኤ መጀመር ይሻላል። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለው ፕሮሰሰር ግራፊክሱ ውስጡ ነው፤ ኳሱንም ቀለል ያሉትንም ጌሞች ዝቅ ባለ ሴቲንግ ያጫውታል፣ ቪጂኤውን በሚቀጥለው እቁብ ትጨምሩበታላችሁ። ይህን ስትገዙ ራሙ ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ አንድ ባለ 16 አይሁን። ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ስለሆነ በሁለት ቱቦ ሲጠጣና በአንድ ቱቦ ሲጠጣ ልዩነቱ ጌም ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ዩዝድ ቪጂኤ የግድ ከሆነ አርኤክስ 580 የሚባለው የኤኤምዲ ካርድ ብዙ ያጋጥማችኋል፤ «2048 ኤስፒ» የሚል ከተከተለው እሱ 580 ተብሎ የሚሸጥ የታናሹ የአርኤክስ 570 እኩያ ነው፣ ዋጋውንም በ570 ልክ ተከራከሩ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ማይኒንግ (በቪጂኤ እያሰሉ ገንዘቡን ማምረት) ሲያቆም ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ፤ ከእነዚያ አንዱ ሊሆን ስለሚችል ሳይሞከር አይገዛ።

ሙከራ ስል ደግሞ የሱቁን ጌም ማለቴ አይደለም። ጂፒዩ-ዜድ፣ የፕሮሰሰሩን ማንነት የሚያሳየውን ሲፒዩ-ዜድ እና ቪጂኤውን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራውን ፈርማርክን ቤታችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቅ ውስጥ ኔትወርክ አይኖርም። የኬዙን ጎን አስከፍቱ። ፈርማርክን 15 ደቂቃ አስኪዱት፤ ቡና ይምጣላችሁ። ሻጩ «ይሄ ፕሮግራም ቪጂኤ ያቃጥላል» ካለ፣ 15 ደቂቃ የማይችል ቪጂኤ እየሸጠ መሆኑን ራሱ ነግሯችኋል፤ ቡናውን ከፍላችሁ ውጡ።

ይህን ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ትናንት ማታ ያየሁት ነገር ነው። ያው ሳጥን ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፤ «አዲስ የገባ፣ ብራንድ ኒው ቪጂኤ፣ 68 ሺህ፣ ቀድሞ ለመጣ»። የኔው መሆኑን ያወቅሁት ፎቶውን አጉልቼ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የቪጂኤው ፋን ይታያል፤ በጥፍሬ ያነሳሁት የስቲከሩ የቀኝ ጥግ አልተመለሰም፣ እንደታጠፈ ነው።