ዩማቺ ወይስ ሹሳይ?

ሁለቱም የሸክላ ቤቶች በጃፓን ሺማኔ ግዛት ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ሁለቱንም አስተምሯል።

ዩማቺ በ1922 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። የእንግሊዝ ለዛ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። በውኃ የቀጠነ ጭቃ በዕቃው ላይ እየተንቆረቆረ መስመር ይሠራል። ላዩን ደግሞ ማር የመሰለ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ቀለም ይለብሳል። ዝነኛዋ ዕቃ እንቁላል የሚበስልባት ትንሽ ባለ ክዳን ድስት ናት። በቀጥታ እሳት ላይ ትጣዳለች! ቢጫው፣ በተለይ ከእንቁላል ጋር፣ ልብን ያሞቃል።

ሹሳይን በ1947 አምስት ወጣቶች ኢዙሞ ውስጥ ጀመሩት። መለያው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ጌጥ አያበዛም። የሊችን ትምህርት በኩባያው እጀታ ላይ ፈልጉት፤ ጣት ሲይዘው ይመቻል።

ለየዕለቱ ገበታ ሹሳይ ይሻላል፤ ምግቡን አይሻማም። አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ግን የዩማቺን ድስት እወስዳለሁ።